እርግዝናን ማራራቅና «ጥቁር ስለሆንሽ ነው» የሚባለው ምክንያት

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በቀዶ ሕክምና ከተገላገልኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ዕድሜዬ 37 በመሆኑ ሁለተኛውን ቶሎ ለመድገም አስቤ ነበር፤ በክትትል ላይ ግን ጥቁር እናቶች ጊዜው ያልደረሰ ሕፃን ስለሚወልዱ እርግዝናዬን እንዳራርቅ ተነገረኝ። የተወለድኩት ኢትዮጵያ ነው። ነገሩ በዘር የሚመጣ ነው? ብጠብቅስ ይቀራል?

መልስ፦ እንዲጠብቁ የተሰጠዎት ምክር ትክክል ነው፤ የቀረበበት ምክንያት ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል።

ከወሊድ በኋላ ማኅፀን እስኪያገግም፣ የእናቲቱም የብረትና የፎሌት (የቫይታሚን ዓይነት) ክምችት እስኪመለስ ጊዜ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ይመክራል፤ የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ ከ6 ወር ያነሰ ክፍተት እንዳይኖር ያሳስባል፤ ከ18 ወር ያነሰ ከሆነም እናቲቱ ጉዳቱንና ጥቅሙን ከሐኪሟ ጋር እንድትመዝን ይላል። ክፍተቱ የሚቆጠረው ከወሊድ እስከ ቀጣዩ ጽንስ እንጂ እስከ ቀጣዩ ልደት አይደለም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ጠባሳው በሚገባ ካልጠነከረ፣ በተለይ ቀጣዩን በምጥ ለመውለድ ካሰበች፣ የማኅፀን መቀደድ አደጋ ይጨምራል። በ2018 ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የወጣ ጥናትም 35 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ እናቶች ላይ በጣም አጭር ክፍተት እናቲቱን ራሷን ለከባድ ሕመም እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ዕድሜዎ 24 ወር ሙሉ ለመጠበቅ የማያመች ከሆነ፣ ዓመት ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ መጠበቅን ከሐኪምዎ ጋር ቢመክሩበት ተገቢ ይመስለኛል።

የዘሩ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2022 በአሜሪካ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ የጥቁር እናቶች ሕፃናት 11 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ሲሞቱ፣ ከነጮቹ የሞቱት 4.5 ያህል ነበሩ። ይህን ልዩነት የእርግዝና መቀራረብ ብቻውን አያስረዳውም፤ ወላጆቹ ኮሌጅ የጨረሱ ሲሆኑ እንኳ ልዩነቱ እንዳለ ታይቷል። በ1997 ስለ ኢሊኖይ ግዛት ወሊዶች የታተመ ጥናት የሕፃናትን አማካይ ክብደት ሲያነጻጽር፣ አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች 3,446 ግራም፣ አፍሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች 3,333 ግራም፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ደግሞ 3,089 ግራም የሚመዝኑ ሕፃናት መውለዳቸውን አሳይቷል። ጉዳዩ የደም ቢሆን ኖሮ አፍሪካ የተወለዱት ወደ ነጮቹ ባልተጠጉ ነበር። ስለዚህ ጣቴን የምቀስረው በዘረኝነት ሥር የመኖር ጫና፣ በኑሮ ሁኔታና በሕክምና ቤት በሚደረገው አያያዝ ላይ ነው፤ ለጥቁር እናት «አቀራርበሽ ስለወለድሽ ነው» ማለት ሸክሙን ያለ ቦታው መጫን ነው።

ይህ ሲባል ኢትዮጵያ መወለድዎ ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲያረግዙ ክትትሉን ቀደም ብለው ይጀምሩ፣ የሚሰማዎትን ሕመም ቀለል አድርገው ሲያዩብዎት ደግመው ይጠይቁ። በእንክብል የሚወሰደውን ፎሌት፣ ፎሊክ አሲድን (በቀን 400 ማይክሮግራም) ለማርገዝ ከመሞከርዎ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመው ይጀምሩ። እስካሁን የተማመኑት በጡት ማጥባት ከሆነ፣ ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው፣ የወር አበባ ሲመለስ ወይም ሌላ ምግብ ሲጀመር እርግዝናን መከላከሉን አይመኑት፤ ስለዚህ የእርግዝና መከላከያ ምርጫዎን በዚህ ወር ይወስኑ።