«ክንፈ እግር» ወይስ «እግረ ክንፍ»?

ጥያቄ፦ በውቅያኖስ ስለሚኖሩ ጥቃቅን ባለ ዛጎል ቀንድ አውጣዎች የተጻፈ ጽሑፍ ስተረጉም «ቴሮፖዳ» የሚል ስም ገጠመኝ። በግሪክኛ ክንፍና እግር ከሚሉ ቃላት የተሠራ ስለሆነ «ክንፈ እግር» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «እግረ ክንፍ» በል አለኝ። ማን ትክክል ነው? ደግሞስ ቀንድ አውጣ ይበራል ይባላል ወይስ ይዋኛል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ረትቶዎታል። ክንፈ ገብርኤል ስንል ክንፉ የገብርኤል ነው። በዚሁ ሥርዓት «ክንፈ እግር» ቢሉ የእግር ክንፍ ማለት ይሆናል፤ እግሩ ሌላ፣ ክንፉ ሌላ። የእንስሳው አካል ግን እንዲህ አይደለም። የየብሱ ቀንድ አውጣ ከሥሩ ዘርግቶ የሚሳብበት ጡንቻ በሥነ ሕይወት «እግር» ይባላል፤ በባሕሩ ዘመዱ ይኸው እግር ሳስቶና ሰፍቶ ሁለት ክንፍ ወጥቶታል። እግሩ ራሱ ክንፍ ሆኗል። አማርኛ ይህን የሚልበት መንገድ «ልበ ድንጋይ»፣ «እጀ ወርቅ» ነው፤ አካሉ ይቀድማል፣ የሆነው ነገር ይከተላል። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1804 ስሙን ሲያወጣ በግሪክኛው ሥርዓት ክንፉን አስቀድሟል። እርስዎን ያሳሳተዎትም ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

መብረርና መዋኘትን በተመለከተ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቃል አለን፤ ቀዘፈ። ጀልበኛ ውኃውን ይቀዝፋል፣ አሞራም አየሩን ይቀዝፋል። የዋልታ ባሕሮች ነዋሪ የሆነውን ሊማሲና ሄሊሲናን ይመልከቱት። መጠኑ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ጥምዝ ዛጎሉ እንደ መስታወት ስስና ብርሃን አሳላፊ ነው። ክንፎቹን ከዛጎሉ አፍ አውጥቶ እየቀዘፈ ሽቅብ ይወጣል፤ መቅዘፉን ሲተው ቁልቁል ይሰምጣል። «ይንሳፈፋል» ብሎ ማለፍ ልፋቱን መንጠቅ ነው። መንሳፈፉን ለሐምራዊዋ ጃንቲና ይተዉላት፤ እርሷ ከራሷ ዝልግልግ ፈሳሽ ባበጀችው የአረፋ ታንኳ ሥር ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ የምትኖር ሌላ የባሕር ቀንድ አውጣ ናት።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልንካ። በላኩልኝ ረቂቅ «የባሕሩ አሲድነት ሲጨምር ቅርፊቱ ይቀልጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ቅርፊት ለዛፍና ለእንቁላል ይሁን፤ እዚህ በጥያቄዎ የተጠቀሙበት ዛጎል ይሻላል። መቅለጥም የሰምና የበረዶ ነው፣ ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ዛጎል አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠራ ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ይሟሟል እንጂ አይቀልጥም።