ልጅዎ ያወጣው ሃይድሮጅንና የቦምቡ ሃይድሮጅን

እንደምን ከረሙ ጋሼ። ልጅዎ ደጀን በሚማርበት ትምህርት ቤት ውሃን በባትሪ ለያይተው ሃይድሮጅን እንዳወጡ፣ ቤትም ልድገመው እንዳለዎት፣ ጎረቤትዎ ደግሞ «ያ የሃይድሮጅን ቦምብ የሚሠራው ከዚሁ አይደለም ወይ?» ብሎ እንዳስደነገጥዎት ጽፈዋል። ልከልክለው ወይ ነው ጥያቄዎ። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ከተማሪም ከወላጅም ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። አይከልክሉት።

ክፍል ውስጥ ስንሠራው ጋዙን ወደ ሌላ ደረቅ የመስታወት ቱቦ እናሻግረዋለን፤ ከአየር ስለሚቀል በተደፋው ቱቦ ሽቅብ ይገባል። ከዚያ የተለኮሰ ክብሪት ሲጠጋው «ጷ!» ይላል። ተማሪው በድምፁ ይስቃል፤ እኔ ግን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ውስጡን አሳያቸዋለሁ። ደረቁ መስታወት ጤዛ ለብሷል። ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ተመልሶ ውሃ ሆነ ማለት ነው። ሃይድሮጅንነቱን አልለቀቀም፤ ቦታ የቀየሩት በአቶሙ ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ከአንድ የውሃ ሞለኪውል የሚወጣው ኃይል ቢበዛ ወደ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህ በአቶም ደረጃ ያለ ጥቃቅን ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ ነው።

ቦምቡ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። እዚያ የሚዋሃደው የአቶሙ አስኳል ራሱ ነው። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉት ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ተዋህደው ሂሊየምና አንድ ኒውትሮን (የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው የአስኳል ቅንጣት) ሲሆኑ 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል፤ ከጷታው ወደ ስድስት ሚሊዮን እጥፍ። ዲዩቴሪየም ደግሞ በማንኛውም ውሃ ውስጥ አለ። ከ6,400 ገደማ የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ እሱ ነው፤ በልጅዎ ቱቦ ውስጥም ይኖራል። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? አስኳሎች ሁሉ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። እጅግ ካልተቀራረቡ አይዋሃዱም፤ ለመቀራረብ ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ይጠይቃሉ። ክብሪት ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ያስቡት። የፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሆኖ፣ አንድ ፕሮቶን፣ ማለትም የተራ ሃይድሮጅን አስኳል፣ ሳይዋሃድ በአማካይ ቢሊዮን ዓመታት ይቆያል። ፀሐያችን እስከ ዛሬ ነዳ ያላለቀችው በዚህ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ ድንቅ ነገር አስተምሬ አላውቅም።

ስለዚህ የሃይድሮጅን ቦምብ ከሃይድሮጅን አይጀምርም። ትልቅ ግንድ በክብሪት አይያዝም፣ መጀመሪያ ጭራሮ ይነድዳል፤ እዚህ ጭራሮው ራሱ ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ያጠፋው ዓይነት የዩራኒየም ወይም የፕሉቶኒየም ቦምብ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1952 በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤነዌታክ ደሴቶች የሞከረችው ቦምብ 10.4 ሜጋቶን ነበር (አንድ ሜጋቶን የሚሊዮን ቶን ፈንጂ ኃይል ነው)፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኃይል የመጣው ግን ከሃይድሮጅኑ ሳይሆን ኒውትሮኖቹ ከሰነጠቁት ዩራኒየም ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1954 ቢኪኒ በተባሉት ደሴቶች ላይ ደግሞ ወደ 6 ሜጋቶን ሲጠብቁ 15 ሆነባቸው። በቦምቡ ነዳጅ ውስጥ የነበረው፣ ምንም አያደርግም ያሉት ሊቲየም ሰባት የተባለ የሊቲየም ዓይነት ትሪቲየም አመረተ። ጨረር ያዘለው አመድ የማርሻል ደሴቶች ሰዎችና የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ላይ ዘነበ። ይህን ሳስተምር ዛሬም ያመኛል፤ ተማሪዎቼም እንዲያማቸው እፈልጋለሁ።

ጎረቤትዎ ምናልባት የጃፓኑን የፉኩሺማ ፍንዳታ በቴሌቪዥን አይተው ይሆናል፣ እ.ኤ.አ. በ2011። ሕንፃውን ያፈነዳው ሃይድሮጅን ነበር፤ የጋለው የነዳጅ ዘንግ ሽፋን፣ ዚርኮኒየም፣ ከእንፋሎት ጋር ተገናኝቶ አወጣው። ቦታው የኑክሌር ጣቢያ ቢሆንም ፍንዳታው ኬሚካል ነው፤ የእኛው ጷታ በትልቁ።

እሱም ቢሆን አይናቅ። ልጁ ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን አንድ ላይ በተከደነ ጠርሙስ አያጠራቅም፤ መስታወት ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል። መለኮሱን ለትምህርት ቤት ይተወው። መስኮት ይከፈት፣ ከግድግዳ መብራት ፈጽሞ አይቀጥል፣ የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ውሃው ውስጥም ጨው እንዳይጨምር፤ ክሎሪን የሚባል ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በምትኩ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ያድርግበት።