ሂሊየሙን የሚጨርሰው ሽቦው ነው

ከባሕር ዳር የጻፉልን ጠያቂያችን ለመመረቂያ ሥራዎ የነደፉት የኢንፍራሬድ የጠፈር ቴሌስኮፕ ለማቀዝቀዣ 100 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ይይዛል፤ በኮምፒውተር ስሌትዎ ግን ሂሊየሙ በ75 ቀን ገደማ ያልቃል፣ ምክንያቱንም ጠይቀውናል። የሙቀት መከለያውን ንብርብር ቢጨምሩም ለውጥ አላገኙም። መከለያው ጥፋት የለበትም፤ ዕዳው በ300 ኬልቪን (በክፍል ሙቀት ገደማ) ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ተነስተው የኢንፍራሬድ ብርሃኑን እስከሚቀበለው ቀዝቃዛ ጠቋሚ የሚወርዱት 40 የመዳብ ሽቦዎች ናቸው።

ሂሳቡ ይኸውልዎ። በ1.8 ኬልቪን ያለ ሂሊየም አንድ ግራሙ ለመትነን 23 ጁል ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚገባ 1 ሚሊዋት ሙቀት በዓመት 9.5 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ አንድ የመዳብ ሽቦ 1.3 ሚሊዋት ያህል ያስገባል። በ40 ሲባዛ 52 ሚሊዋት ነው፤ 75 ቀንዎ የመጣው ከዚህ ነው።

ሽቦውን መሃል ላይ በሂሊየሙ ዙሪያ ካለው የ40 ኬልቪን የሙቀት ጋሻ ጋር ማሰር ብቻውን አያድንዎትም። ንጹሕ መዳብ ሲቀዘቅዝ ይብሱን ሙቀት ያስተላልፋል፤ በ20 ኬልቪን አካባቢ በክፍል ሙቀት ከሚያስተላልፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በማንጋኒን (የመዳብ፣ የማንጋኒዝና የኒኬል ቅይጥ) ይተኩት። በተመሳሳይ ውፍረት የሚያስገባው ሙቀት በአስር እጥፎች ያንሳል፣ ጥቃቅን ምልክት ለሚሸከም ሽቦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው አያስቸግርም። የሞተር ሽቦ ግን ለብቻው ይታይ፤ ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ቀጭን ማንጋኒን ራሱ ይሞቃል።

ጋሻው ላይ ሲያስሩት በኢፖክሲ በደንብ ያጣብቁት። በቫኪዩም ውስጥ ሁለት ጠጣር ገጾች የሚገናኙት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሆነ፣ ተደግፎ የተቀመጠ ሽቦ አይቀዘቅዝም።

የሚተነውንም ጋዝ በከንቱ አያባክኑት። እስከ 300 ኬልቪን እስኪሞቅ ድረስ አንድ ግራሙ 1500 ጁል ያህል ይወስዳል፤ ለመትነን ከወሰደው ከ60 እጥፍ በላይ ማለት ነው። መውጫ ቱቦው በጋሻዎቹና በሽቦው ማሰሪያ ላይ ዞሮ ይውጣ። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የናሳ የኢንፍራሬድ የጠፈር ቴሌስኮፕ ስፒትዘር በ360 ሊትር ከ5 ዓመት በላይ የቆየው ይህንን ስለሠራ፣ ከዚያም በላይ ውጫዊ ቅርፊቱን ከፀሐይ ጋርዶ ወደ 40 ኬልቪን ስላወረደ ነው። ቅርፊት በ300 ኬልቪን በካሬ ሜትር 460 ዋት ያህል ሙቀት ሲያመነጭ፣ በ40 ኬልቪን 0.15 ዋት ብቻ ነው።

የቴሌስኮፑን የሙከራ ሞዴል ለከብት ማዳቀያ በሚውለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲሞክሩ ደግሞ ቴርሞሜትርዎን ናይትሮጅን በባሕር ጠለል በሚፈላበት በ77.4 ኬልቪን አያስተካክሉ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ናይትሮጅን የሚፈላው በ75.5 ኬልቪን ገደማ ነው። የዕለቱን የአየር ግፊት ለክተው ከሰንጠረዥ ያውጡት።