ስለ ምክር ቤት ስብሰባና ስለ ሰፈር ልማት ብር ጠይቁኝ

ሰላም የደብረ ብርሃን ልጆች፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች በሙሉ። የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኜ ሁለት ዙር አገልግያለሁ። አሁን የሰፈራችን ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የነዋሪ አስተያየት እንዴት ሰሚ እንደሚያገኝ፣ የልማት ብር እንዴት እንደሚያዝ ጠይቁኝ።

የጠባሴ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። «ተቀብለናል» አሉኝ። ዓመት ሞላው፣ ምንም የለም።

መልስ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ ሰፈረ? መጀመሪያ እሱን እይ። እኛ ሰፈር ሦስት ክረምት ሙሉ «ጎርፍ አስቸገረን» እያልን ጮኸናል። ሦስቱንም ጊዜ የተጻፈው «ነዋሪዎች የመሠረተ ልማት ጥያቄ አንስተዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። በዚህ መስመር ማን በጀት ይይዝልሃል? በአራተኛው ዓመት ከአናጢ ሜትር ተውሰን ጎርፉ የሚሄድበትን ለካነው። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ እስከ ድልድዩ 140 ሜትር። በአፈር የተደፈነ ቱቦ 2። ውሃ የሚገባባቸው ቤቶች 11። በደብተር ወረቀት ጻፍነው፣ አባወራውም እማወራውም ፈረሙበት። ስብሰባው ላይ አነበብኩትና ወረቀቱን ለጸሐፊው በእጁ ሰጠሁት። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ተነስተው ውሃው ግድግዳቸው ላይ የት እንደደረሰ በክንዳቸው አሳዩ። እስከ ክርናቸው ነው። አዳራሹ ዝም አለ። በቀጣዩ በጀት ዓመት ቦዩ ተሠራ።

ጊዜውንም አትርሱ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ በጀት ሊያጸድቅ ሲቀመጥ ሄዳችሁ ብትናገሩ ዕቅዱ አልቋል። እኛ ወረቀቱን ያስገባነው በየካቲት ነው።

እናት ከበሬሳ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ይሄ የኮብልስቶን ብር ግን የማን ነው? እኛም አዋጥተናል።

መልስ፦ እትዬ፣ ብሩ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከተማው ከራሱ ገቢ ይመድባል፣ ነዋሪው ያዋጣል፣ በፕሮግራም የሚመጣም አለ። ዩአይአይዲፒ የሚባለውን የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ሰምተው ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረ ነው፣ 117 ከተሞችን ያቀፈ። እዚያ ላይ ከተማው ብር የሚያገኘው በየዓመቱ ተመዝኖ ነበር። ከሚመዘነው አንዱ ዕቅዱ ላይ ከነዋሪ ጋር ተመክሯል ወይ የሚለው ነበር። ስለዚህ እርስዎ ስብሰባ ላይ ተገኝተው መናገርዎ ለከተማውም ብር ነበር። ያዋጡበትን ደረሰኝ አስቀምጠዋል? ያለ ደረሰኝ ብር አይስጡ።

አዲስ ገቢ፦ ብር እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? የት ሰፈር? ስንት ሜትር? እንዲህ ተጠይቆ መልስ አይገኝም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ተከራይ ነኝ፦ ቤት የሌለው ሰው ለኮብልስቶን ለምን ያዋጣል? መንገዱ ሲሠራ አከራዬ ኪራይ ጨመረብኝ።

የጠባሴ ልጅ፦ አንተስ በመንገዱ አትሄድም? ጭቃውን አብረን ነው የምንረግጠው።

ተከራይ ነኝ፦ እሄዳለሁ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰፈር ቀይሬያለሁ። በሦስቱም ከፍያለሁ።

የጠባሴ ልጅ፦ ለእድራችንም እንደዚህ ብንል ማን ማንን ይቀብራል?

መልስ፦ እድርን ከዚህ ጋር አታያይዙት፣ ሌላ ነገር ነው። እኔ የተከራዩ ቅሬታ እውነት ነው እላለሁ። የእኛ ኮሚቴ ባለቤቱን በግቢው ልክ ነው ያስከፈለው። ተከራይ ከወደደ በጉልበቱ ያግዛል። ከ40 በላይ ተከራዮች ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ ሲያቀብሉ ነበር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኛ ጥያቄ ውሃ ነው። ተናገርን፣ «ምን አገባችሁ፣ ባለሙያ ያውቃል» ተባልን።

መልስ፦ ያገባችኋል! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጹን ጠቅሰህ ተናገር፣ ድምፅህን ሳታነሳ። ባለሙያው ስለ ቱቦው ስፋት ያውቃል። የቧንቧው ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ጀሪካን ይዞ ስንት ሰዓት እንደሚቆም የምታውቀው አንተ ነህ። በወር ውስጥ ውሃ የመጣበትን ቀን እየቆጠርክ ጻፍ። ያንን ይዘህ ግባ።

ሰላማዊት፦ የወጣት ማኅበር ልናስመዘግብ ነው፣ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ምዝገባ ላይ ልምድ የለኝም፣ እህቴ። የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቂ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ለሰፈር ልማት ነው ያልኩት። ስብሰባ ላይ ምን ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ከላይ መልሻለሁ። ቦታ፣ ልክ፣ የቤት ብዛት፣ ፊርማ። ቃለ ጉባኤ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተባለ ቁጠረው።

የጠባሴ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን ወጥቼ ጻፍኩት። «ከትምህርት ቤቱ አጥር በስተጀርባ፣ 90 እርምጃ፣ መብራት የለም። ሴት ተማሪዎች የማታ ትምህርት አቋርጠዋል።»

መልስ፦ ጎበዝ። እርምጃውን በሜትር ለካው። ያቋረጡት ስንት ናቸው? ቤተሰቦቻቸውን ጠይቅና ቁጥሩን ጻፍ። ምሰሶው ቆሞ አምፖሉ ነው የጎደለው ወይስ ምሰሶም የለም? ይሄ ወጪውን ይለውጠዋል። ቀን ጻፍበት፣ አስፈርምና በሁለት ቅጂ አድርገው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተህ በቀሪው ላይ ማኅተም አስመታ።