የአሜሪካ አይፎን ወይስ የሱቅ ሳምሰንግ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! አሜሪካ ያለችው እህቴ «ያገለገለ አይፎን 14 ልላክልሽ ወይስ ብሩን ልኬልሽ እዚያው አዲስ ሳምሰንግ ኤ16 ትገዢያለሽ?» አለችኝ። ለቴሌብር፣ ለቴሌግራምና ልጆቼን ፎቶ ለማንሳት ነው። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አለኝ። የቱ ይሻላል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እህትሽ ትባረክ፣ ግን ከመላኳ በፊት ቶሎ ደውዪላት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 ሲም ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፤ በኢሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ ዲጂታል ሲም) ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ሲሞችሽን ወደ ኢሲም ማስቀየር ይኖርብሻል፣ ስልኩ ድንገት ቢበላሽ ደግሞ ሲም ነቅሎ ሌላ ቀፎ ላይ መሰካት የሚባል ነገር የለም። ያገለገለ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ካልወጣለት ወይም ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ ብቻ ከተቆለፈ ውድ መስታወት ነው።

ካሜራውን ካነሳን አይፎኑ ይበልጣል፣ በተለይ ቪዲዮ ላይ፣ እሱን አልክድም። ለአንቺ ግን ኤ16ን እመርጣለሁ። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ሳምሰንግም የ6 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። ብቻ ስትገዢ ሁለት ሲም የሚቀበል መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሲሞችሽን ከተሽ ሞክሪ።