የክላስ 08 ሻንተርን ሞዴል ከኪት መገጣጠም፦ ጥያቄና መልስ

ሻንተር ማለት ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚገፋ፣ የሚነጥልና የሚያደራጅ ሎኮሞቲቭ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት የእንግሊዙ ክላስ 08 ነው፤ ከ1952 እስከ 1962 ድረስ 996 ተሠርተዋል። ኪቱ፣ ማለትም ራስህ የምትገጣጥመው የትንሽ ሞዴል ክፍሎች ስብስብ፣ በ4 ሚሊሜትር ስኬል (ከእውነተኛው 76.2 ጊዜ ያነሰ፣ 1፡76.2) በአሲድ የተቀረጸ የነሐስና የኒኬል ሲልቨር ላሜራ፣ ከነጭ ብረት (በትንሽ ሙቀት ከሚቀልጥ ቅይጥ) የተሠሩ ጥቃቅን ዕቃዎችም አሉት። ሞተር፣ የጥርስ ሳጥንና መንኮራኩር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይገዛሉ።

ጥ፦ ተሠርቶ ያለቀ ክላስ 08 በባችማንም በሆርንቢም ስም ይሸጣል። ታዲያ በኪት መልፋት ለምን?

መ፦ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ብቻ የምትነዳው ከሆነ ያለቀውን ግዛ፤ ርካሽም ነው። ግን በዚህ ስኬል የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 18.83 ሚሊሜትር ነው የሚመጣው። በዚያ ስፋት ወይም በ18.2 መሥራት ለሚፈልግ ኪቱ ቻሲውን ከመጀመሪያው በልኩ ያወጣለታል። ሌላው ምክንያት ዝግታ ነው። ሻንተር የሚፈተነው ምን ያህል በዝግታ ሳይቆራረጥ እንደሚሄድ ነው፤ በኪት ጥርሱን የምትመርጠው አንተ ነህ።

ጥ፦ በማጣበቂያ ልገጣጥመው እችላለሁ? ስታኞ ይዤ አላውቅም።

መ፦ ጌጣጌጡን አዎ። ቻሲውን ግን አይሆንም፤ ንዝረትና ሙቀት ያላቅቀዋል። ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ፣ 145 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ስታኞና ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ፍላክስ (ስታኞው ብረቱን እንዲይዝ የሚያጸዳ) ይበቃል። የጀማሪ ስህተት ካውያውን ትንሽ አድርጎ ረጅም ጊዜ መያዝ ነው። ላሜራው ሙቀቱን ይጠጣና ይጣመማል፣ ስታኞውም እንደ ገንፎ ይሆናል። ሰፊ ጫፍ፣ 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ማንሳት። ማታ ሥራ ስታቆም በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እጠበው፤ ፍላክስ ካደረ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

ጥ፦ ከነጭ ብረት የተሠራውን መጋጫ (ከፉርጎ ጋር ሲገናኝ ግፊቱን የሚቀበለውን) ልለጥፍ ስል እንደ ቅቤ ቀለጠብኝ።

መ፦ ነጭ ብረት በ145ቱ ስታኞ አይሞከርም። 70 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ስታኞ አለ፤ ካውያውን 200 ወይም ከዚያ በታች አውርደው። ይህ ስታኞ ግን ነሐስ ላይ በቀጥታ አይዝም። መጀመሪያ ነሐሱን በ145ቱ በስሱ ቀባው፣ ከዚያ መጋጫውን በ70ው አስቀምጥ።

ጥ፦ የሞተሩ መሸፈኛ ሲታጠፍ መስመሩ ላይ ተሰነጠቀ።

መ፦ የመታጠፊያው ቦይ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይሁን። ሁለት ብረት መሃል አጥብቀህ አንድ ጊዜ ብቻ እጠፈው፤ ወዲያ ወዲህ ከመላለስከው ይበጠሳል። የተሰነጠቀውን አስተካክለህ ይዘህ ከውስጥ በኩል ቦዩን በስታኞ ሙላው። ያልተሰነጠቀውንም ሙላው።

ጥ፦ ማያያዣ ዘንጎቹን (ጋራዥ ውስጥ ቢዬላ የምንላቸውን) ስገጥም መንኮራኩሮቹ ይያዛሉ። ያለ ዘንግ ግን ያለችግር ይዞራሉ። የት ነው ስህተቱ?

መ፦ ይህ የክላስ 08 ዋና ፈተና ነው። ፍሬሙ ከመንኮራኩሩ ውጭ ስለሆነ ክራንኩ (ማያያዣ ዘንጉ የሚገባበት ክንድ) መንኮራኩሩ ላይ ሳይሆን ፍሬሙን አልፎ በወጣው የአክስል (ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያገናኘው ብረት) ጫፍ ላይ ነው የሚገባው። ስድስት ክራንክ አለህ፣ ስድስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የአንዱ ወገን ክራንኮች ከሌላው ወገን በ90 ዲግሪ መለየት አለባቸው፤ የአንዱ ወገን ዘንግ አግድም ላይ ደርሶ መግፋት ሲያቅተው ሌላው እንዲገፋ። ትክክለኛ 90 መሆኑ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም። 88 ቢሆንም ይሄዳል፣ ሦስቱም አክስሎች እኩል 88 እስከሆኑ ድረስ። አንዱ 90 ሌላው 88 ከሆነ ነው የሚያዘው።

የሚያዝበትን ቦታ ተመልከት፣ ምክንያቱን ይነግርሃል። ሞተሩን አውጥተህ በጣትህ ቀስ ብለህ አዙር። የአንዱ ወገን ክራንክ አግድም ሲሆን፣ ማለትም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲጠቁም ከተያዘ፣ በዘንጉ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከአክስሎቹ ርቀት ጋር አልገጠመም። በዚህ ኪት ከአንዱ አክስል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ሁለቱም ቦታ 23 ሚሊሜትር ነው። አግድም ሳይሆን ሰያፍ ላይ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ከተያዘ ግን የክራንኩ ማዕዘን ነው የተሳሳተው። የመጀመሪያውን በሾጣጣ መቅደጃ ቀዳዳውን በጥቂቱ በማስፋት ታስተካክላለህ፤ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል። ሁለተኛውን ስህተት፣ የማዕዘኑን፣ ግን ቀዳዳ በማስፋት ልታድነው አትሞክር። ይዞራል፣ ግን ሲሄድ እንደ አንካሳ ያነክሳል።

ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ የፊተኛውን ጥንድ አክስል ብቻ አያይዘህ ሞክር፣ ቀጥሎ የኋለኛውን፣ በመጨረሻ ሁሉንም። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ገጥሞ ጥፋተኛውን መፈለግ ጊዜ ማቃጠል ነው። ክራንኩን በአክስሉ ላይ በዘላቂ ማጣበቂያ የምታጸናው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ጠብታ፣ በመርፌ ጫፍ። ከፈሰሰ አክስሉን ከቦኮላው (አክስሉ ከሚዞርበት ቀለበት) ጋር ያጣብቀዋል።

ጥ፦ የጥርስ ሳጥኑ 1፡40፣ 1፡80 እና 1፡108 አለው (መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው)። የቱን ልግዛ?

መ፦ እናስላው። እውነተኛው ክላስ 08 ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ በዚህ ስኬል በሰከንድ 88 ሚሊሜትር ይሆናል። መንኮራኩሩ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 56.5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በደቂቃ 93 ዙር ያስፈልጋል። ሞተርህ በ12 ቮልት 10,000 ዙር ከሆነ ለ93 ስታካፍለው 107 አካባቢ ይመጣል። 1፡108 ግዛ። በ1፡80 ወደ 20 ማይል ይሄዳል፣ ያም አያስነውርም። 1፡40 ግን ሻንተሩን የመንገደኛ ባቡር ያደርገዋል፤ በዝግታ ልንዳ ስትልም ይንቀጠቀጣል።

ጥ፦ የሐዲድ መቀያየሪያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

መ፦ ከስድስቱም መንኮራኩር ኤሌክትሪክ ውሰድ። ከ0.3 እስከ 0.45 ሚሊሜትር የሆነ የፎስፈር ብሮንዝ ሽቦ ከመንኮራኩሩ ጀርባ ይደገፍ፣ ሲገፋ ግን ፍሬን አይሁን። አራቱ ብቻ የሚነኩ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ፦ አክስሎቹ ግትር ናቸው። የኋለኛውን (ጥርሱ ያለበትን) ቋሚ አድርግና የፊተኞቹን ሁለት በሚወዛወዝ ዘንግ ላይ አስቀምጥ፤ ያኔ ስድስቱም ሐዲድ ይነካሉ። በዲጂታል የምትነዳ ከሆነ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ) መጨመር ይረዳል። የቆሸሸ መንኮራኩር ግን ካፓሲተር አያድነውም።

ጥ፦ ቀለም ከቀባሁ በኋላ ሾርት እያደረገ ነው። በፊት ደህና ነበር።

መ፦ የፍሬን ጫማዎቹን እይ። በብረት ከሠራሃቸውና ከመንኮራኩሩ ጋር ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ከሌላቸው፣ ኩርባ ላይ አክስሉ ወደ ጎን ሲንሸራተት ይነካሉ። ቴስተሩን በአንዱ መንኮራኩርና በፍሬሙ መካከል አድርገህ አክስሉን ወደ ጎን ግፋ፤ የሚጮህበት እሱ ነው። የጫማውን ፊት በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነው።

ጥ፦ ስንት ግራም ይመዝን? ውስጡን በእርሳስ ጥራጥሬ ልሙላውና በእንጨት ማጣበቂያ ልያዘው አስቤያለሁ።

መ፦ በእንጨት ማጣበቂያ አታድርገው! ከእርሳስ ጋር ተዋህዶ በዓመታት ያብጣል፣ የሎኮሞቲቩን ገላ ከውስጥ ያፈነዳዋል። ኢፖክሲ ተጠቀም፤ እጅህንም ታጠብ። ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር መሃል ነጥቡ በመካከለኛው አክስል ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ያኔ ከላይ ባልኩት አሠራር ሦስቱም አክስሎች እኩል ይሸከማሉ። ገላውን በጣትህ ላይ አመዛዝነህ እየሞከርክ ሙላ።

ጥ፦ ቢጫና ጥቁር ሰያፍ መስመሩ ጠርዙ አልጠራ አለኝ።

መ፦ አንቲሩጂኒው (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) ነሐስ የሚይዝ ይሁን፤ ቢጫው እንዲደምቅ መጀመሪያ ከላዩ ነጭ ቀባበት። ቢጫውን ቀብተህ አንድ ቀን ሙሉ አድርቀው። ቴፑን ለጥፍ፣ ከዚያ ጠርዙን እንደገና በስስ ቢጫ ቅባው፦ በቴፑ ሥር የሚሰርገው ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁሩም የሚሰርግበት አያገኝም። ጥቁሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይጠነክር ቴፑን ወደ ኋላ እያጠፍክ ላጠው። የመስመሩ አቅጣጫና ብዛት ከአንዱ ሎኮሞቲቭ ወደ ሌላው ይለያያል። አስቀድመህ አንድ ቁጥር ምረጥ፣ የዚያኑ ቁጥር ፎቶ ይዘህ ሥራ።

ጥ፦ ጋሼ፣ በዚሁ ኪት የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ሻንተር ማስመሰል ይቻላል?

መ፦ በዚህ ኪት አይቻልም ልጄ። ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ1፡87 ስኬል 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ቻሲ ይፈልጋል። ለዚያ ስፋት የተሠራ የሌላ አገር ቻሲ ገዝተህ ገላውን ከላሜራ ራስህ ቆርጠህ ትሠራለህ። የክራንኩና የስታኞው ነገር ግን ያው ነው።