ቫን ፐርሲ ለምን ሄደ? የአርሴናል የውል ድርድር ጥያቄና መልስ

አጥቂው ሮቢን ቫን ፐርሲ ከአርሴናል ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የተዛወረው በኦገስት 2012 ነው። ዓመታት ቢያልፉም ቁስሉ አልሻረም። አንድ ኮከብ አጥቂ ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀረው በተባለ ቁጥር ያው ክርክር ከእንደገና ይነሣል። ይህን ክለብ ለረጅም ዘመን የተከታተልሁ፣ የዝውውርና የውል ጉዳይንም በቅርብ የማጠና ደጋፊ ስለሆንሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ሰውየው የሄደው ለገንዘብ ነው ወይስ ለዋንጫ? ሳያድበሰብሱ ይንገሩን።

መልስ፦ ሚዛኑ ወደ ዋንጫው ያጋድላል። ጁላይ 4 ቀን 2012 በራሱ ድረ ገጽ ባወጣው መግለጫ ውሉን እንደማያራዝም አስታወቀ። የውድድር ዘመኑ ካበቃ በኋላ ከአሰልጣኙ ከአርሴን ቬንገርና ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ከኢቫን ጋዚዲስ ጋር ተቀምጠው እንደተነጋገሩ፣ ስለ ደመወዝ ግን ጭራሽ እንዳልተነሣ፣ ያልተስማሙት ክለቡ ወደፊት በሚሄድበት መንገድ ላይ እንደሆነ ገለጸ። ከዓመታት በኋላም ክለቡ የሚጎድለውን ዘርዝሮ ይዞ እንደቀረበ፣ ከክለቡ በኩል ግን የውል ማራዘሚያ እንዳልቀረበለት ተናግሯል።

አንድ ተጫዋች እንዲህ ሲል ሁልጊዜ ማመን አይገባም፤ ዩናይትድም በርካሽ አልቀጠረውም። ነገር ግን እሱ በነበረበት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አርሴናል ከ2005ቱ የኤፍኤ ካፕ ወዲህ ዋንጫ አላነሣም ነበር። በኦገስት 2011 ሴስክ ፋብሬጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ሳሚር ናስሪ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄዱ። በዚያው ወር ቡድኑ በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ 8 ለ 2 ተቀጣ። የአምበልነቱን ጨርቅ ያሰረው በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። ከዚያ 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ተሰልፎ 30 ግብ አገባ፤ የተጫዋቾቹንም የጋዜጠኞቹንም የዓመቱ ምርጥ ሽልማት ወሰደ። ይህ ሁሉ ያመጣው ሦስተኛ ደረጃን ነው። በዚያ ኦገስት 29 ዓመት ሞላው፤ ከዚህ በላይ ጠብቅ ለማለት እኔ አፍ የለኝም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ውሉ እስከ ጁን 2013 ድረስ ነበር አይደል? ታዲያ በግድ አስቀርተው ለምን አላጫወቱትም?

መልስ፦ ይችሉ ነበር፤ ሕጉ ከክለቡ ጋር ነው። ሒሳቡ ግን ተጫዋቹን ይደግፋል።

ቦስማን የተባለ ተጫዋች በአውሮፓ ፍርድ ቤት ካሸነፈበት ከ1995ቱ ፍርድ ወዲህ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ አንዳች የዝውውር ክፍያ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሲገቡ ደግሞ ከውጭ አገር ክለብ ጋር በነፃነት መነጋገር ይችላል። ስለዚህ አርሴናል እሱን በግድ ቢያስቀር ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ከጣሊያን ወይም ከስፔን ክለብ ጋር ተፈራርሞ በጁን ባዶ እጃቸውን ጥሏቸው ይሄድ ነበር። ዩናይትድ 22.5 ሚሊዮን ፓውንድ በእጅ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የሊጉን ወይም የቻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ካነሣ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ተጨማሪ ለመክፈል ተስማማ። በድምሩ 24 ሚሊዮን መሆኑ ነው።

አሁን የሒሳብ መዝገቡን ጎን እዩት። አርሴናል በ2004 ከፌይኖርድ ሲገዛው የከፈለው 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ክለቦች የተጫዋችን መግዣ ዋጋ በውሉ ዓመታት ላይ እየከፋፈሉ በወጪነት ይመዘግባሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያ ወጪ ተከፍሎ አልቋል። ስለዚህ ከዩናይትድ የመጣው ገንዘብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። የአንድ ዓመት አገልግሎቱ 24 ሚሊዮን ፓውንድና አንድ ሙሉ ደመወዝ ያስከፍል ነበር ማለት ነው፤ ለዚያውም ልቡ ለሸፈተ አምበል። ቦርዱ በኦገስት 2012 ያደረገው ስሌት ልክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ነገሩ እዚያ ደረጃ እስኪደርስ መጠበቁ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ይህን ካሉ ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ያለፈውን ውል በ2009 ነው የፈረመው። እንዲህ ያለ ውል ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ማለትም በ2011 ክረምት፣ ክለቡ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ማራዘም ወይም በጥሩ ዋጋ መሸጥ። ሁለቱንም አላደረገም፤ አምበል አደረገው።

ለምን እንደዘገዩ ግን ይገባኛል። ሰውየው ጉዳት አያጣውም ነበር። በኖቬምበር 2009 ከጣሊያን ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ርቋል። ቬንገር 30 ዓመት ለደረሰ ተጫዋች በየዓመቱ አንድ ዓመት ብቻ የመጨመር ልማድ ነበራቸው። በዚያ ላይ የክለቡ ሜዳ የኤምሬትስ ስታዲየም ዕዳ ነበረ፤ የደመወዝ መዋቅሩም በተጫዋቾች መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳይኖር ተደርጎ የተሠራ ነበር። ደጋግሞ ለሚጎዳና ወደ 30 ለሚጠጋ አጥቂ ከሁሉ የበለጠ ደመወዝ በረጅም ውል መስጠት ያስፈራል።

ፍርሃቱ ግን ዋጋ አስከፈለ። በ2011 ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ብቻ 35 የሊግ ግብ አገባ፤ ያኔ የነበረው የአለን ሺረር ክብረ ወሰን 36 ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ቢቀመጡ አሳማኝ ውል ይበቃው ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ተጫዋቹ የፈለገውን የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ሩኒም በ2010 እሄዳለሁ ብሎ ነበር። እንዴት እሱን አስቀሩት?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 2010 የዩናይትዱ አጥቂ ዌይን ሩኒ ክለቡ ትልልቅ ተጫዋቾችን ስለማምጣቱ ዋስትና አላገኘሁም ብሎ መግለጫ አወጣ። ቅሬታው ከቫን ፐርሲ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በሁለተኛው ቀን ግን የአምስት ዓመት ውል ፈረመ!

ልዩነቱ አንደኛ ጊዜ ነው፤ ሩኒ ያኔ ገና አንድ ዓመት ተኩል ያህል ውል ይቀረው ነበር። ሁለተኛ፣ ዩናይትድ ከ2007 እስከ 2009 ሊጉን ሦስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ክለብ ነው፤ አሰልጣኙ ፈርጉሰን ዋንጫ እናመጣለን ሲሉ ማስረጃ ነበራቸው። ሦስተኛ፣ ለአንድ ተጫዋች ብለው የደመወዝ ጣሪያቸውን ከፍ ለማድረግ አላመነቱም። አርሴናል ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። እውነት ለመናገር በ2012 ክረምት ሉካስ ፖዶልስኪን፣ ኦሊቪዬ ዢሩንና ሳንቲ ካዞርላን አምጥቷል። ሦስቱም ጥሩ ግዢዎች ናቸው። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጥቂዎች መሆናቸውን ያየ አምበል ምን ብሎ ይተረጉመዋል?

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ሄንሪስ? እሱም ውል ፈርሞ አይደል የሄደው?

መልስ፦ አዎ፤ በሜይ 2006፣ ፓሪስ ላይ በቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በባርሴሎና ከተሸነፉ ከቀናት በኋላ፣ አጥቂው ቲየሪ ሄንሪ ከአርሴናል ጋር የአራት ዓመት ውል ፈረመ። በሚቀጥለው ክረምት ወደዚያው ባርሴሎና ሄደ፤ አርሴናል ግን 16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አገኘበት። ውል ተጫዋችን ለዘላለም አያስርም፤ ሲሄድ ዋጋው እንዳይወድቅ ያደርጋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)፦ መሸጡስ ይሁን፤ ለዩናይትድ ግን መሸጥ ነበረበት? ያን ጊዜ ያለቀስሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም በዚህ ላይ ከቦርዱ ጋር አልስማማም። ዩናይትድ በ2012 ሜይ ላይ ሊጉን ያጣው ከሲቲ ጋር በእኩል 89 ነጥብ፣ በግብ ልዩነት ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን የሊጉን ከፍተኛ ግብ አግቢ መስጠት ዋንጫውን ከነሣጥኑ ማስረከብ ነው።

የሆነውም ያ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 2012 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ገና በሦስተኛው ደቂቃ አምበልነቱን ከእሱ የተረከበው ቶማስ ቬርማለን ኳሷን ከአደጋ ክልል ሊያወጣ ሲል አበላሻት፤ ቫን ፐርሲ እግር ሥር ገባች፤ በማይታወቅበት በቀኝ እግሩ አገባት። እጁን ከፍ አድርጎ ደስታውን ዋጥ አደረገ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ኤፕሪል 22 ቀን 2013 ደግሞ በአስቶን ቪላ ላይ ሦስት ግብ አግብቶ ሃያኛውን የሊግ ዋንጫ አረጋገጠላቸው። ሁለተኛዋን ግብ አስታውሱ፦ ሩኒ ከመሐል ሜዳ አካባቢ የላካት ረጅም ኳስ በትከሻው ላይ አልፋ ስትወርድ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት። የጠላሁትን ያህል ከዚያ ያማረ ግብ ለመጥራት እቸገራለሁ።

ለውጭ አገር ክለብ ቢሸጥስ? ጁቬንቱስ እንደሚፈልገው በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ግን የመጨረሻ ዓመቱን የያዘ ተጫዋች የሚሄድበትን ክለብ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ እምቢ ካለ ሽያጩ አይፈጸምም። የውል ዓመት ሲያጥር ክለቡ ከዋጋው በተጨማሪ ገዢውን የመምረጥ መብቱንም ያጣል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ያለ እሱ አርሴናል ምን ያህል ተጎዳ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ከሚያስበው በታች። በ2011/12 እሱ እያለ ሊጉ ላይ 74 ግብ አግብተው 70 ነጥብ ሰበሰቡ። በ2012/13 ያለ እሱ 72 ግብና 73 ነጥብ። ቲዮ ዋልኮት 14፣ ካዞርላ 12፣ ዢሩና ፖዶልስኪ 11፣ 11 አገቡ። አራተኛ ሆነው ቶተንሃምን በአንድ ነጥብ በልጠው ቻምፒዮንስ ሊግ ገቡ። በአሰልጣኝነት ደረጃ ቬንገር በዚያ ዓመት የሠሩት ሥራ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም።

ስለ ዕድሜው የፈሩትም ቢሆን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ታይቷል፤ 26 የሊግ ግብ ካገባበት የመጀመሪያ ዓመት በኋላ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 10 ወረደ፤ በ2015 የአራት ዓመት ውሉን ሳይጨርስ ወደ ቱርኩ ፌነርባቼ ሄደ። ዩናይትድ ግን የገዛው ያችን አንዷን ዓመት ነበር፤ አገኛትም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ክለቡ ከዚህ ትምህርት ወሰደ?

መልስ፦ ወዲያው አልወሰደም። ዋልኮትን ራሱን ሊያጡት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጃንዋሪ 2013፣ አስፈረሙት። አሌክሲስ ሳንቼዝ ግን ያው ታሪክ ነው፦ በ2017 የኦገስት የመጨረሻ ቀን ለሲቲ በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ሲል ምትክ ስላልተገኘ ስምምነቱ ፈረሰ፤ በጃንዋሪ 2018 ከሄንሪክ ሚኪታሪያን ጋር ተቀያይሮ ዩናይትድ ገባ። አሮን ራምሴይ በ2019 በነፃ ወደ ጁቬንቱስ ተሸኘ።

ከዚያ በተቃራኒው ተሳሳቱ። ፒየር ኤምሪክ ኦባሜያንግ በ2020፣ በ31 ዓመቱ፣ የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው። እኔም ያኔ ተደስቻለሁ። በዲሴምበር 2021 አምበልነቱ ተነጠቀ፣ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ውሉ ፈርሶ በነፃ ባርሴሎና ገባ። የውሉ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም መታየት አለበት። ቡካዮ ሳካ በሜይ 2023፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ እስከ 2027 ሲፈርም ነገሩ በተገቢው ዕድሜና በተገቢው ሰዓት ሲሠራ አየሁ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ በኤምሬትስ ደጋፊው የጮኸበት አግባብ ነበር?

መልስ፦ መጮኽ የደጋፊ መብት ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 2013 የአርሴናል ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለአዲሱ ቻምፒዮን ሲያጨበጭቡ እሱ በመካከላቸው አለፈ፤ በዚያ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ግብ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። በቤተሰቡ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ግን ትናንትም ዛሬም ነውር ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ለእኛ አገር ክለቦችስ ምን ይጠቅማል? ዓመት በመጣ ቁጥር ቡድኑ ይበተናል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የእኛ ችግር ከአርሴናል የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ውሉ ሲጀመርም አጭር ነው። ክለቡ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያስፈርማል፣ ገንዘቡን በፊርማ ወይም በወር ደመወዝ ያፈሳል፣ ዓመቱ ሲያልቅ አጥቂው በነፃ ጎረቤት ክለብ ይገባል። ፌዴሬሽኑ በ2019 በወር 50 ሺህ ብር የደመወዝ ጣሪያ አወጣ፤ ጣሪያው ግን የውሉን ርዝመት አይነካም ነበር።

ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ሲገኝ ደግሞ፣ ጌታነህ ከበደ በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ እንደሄደው ማለት ነው፣ ክለቡ የሚያገኘው በቀረው የውል ዘመን ልክ ነው። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ድንበር ተሻግሮ በክፍያ ሲዛወር የዝውውሩ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የትኛው ታዳጊ በየትኛው ዓመት የት እንደሠለጠነ ያልመዘገበ ክለብ ይህን ገንዘብ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ የጅማ ልጆች የክለባችሁን ኃላፊዎች ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ የታዳጊዎቹ መዝገብ የት አለ? የ19 ዓመቱ አጥቂያችን ውልስ መቼ ያልቃል?